የዝሆን ጆሮ በሃዋይ ደሴቶች

የዝሆን ጆሮ እየተባለ በከተማ ቅጥር ግቢ ለጌጥ የሚተከለው ባለ ሰፊ ቅጠል ተክል፥ በወላይታና በጋሞ፥ በከፋና በሸካ አገር ጎደሬ ተብሎ ሥሩ ከሚበላው ተክል ጋር የአንድ ቤተ ሰብ ልጅ መሆኑን ብዙ ሰው ልብ አይለውም። አንደኛው በእንግዳ መቀበያው ደጃፍ በማሰሮ ቆሞ ይደነቃል፤ ሁለተኛው ከጓሮ፥ በእንሰቱ አጠገብ ቆሞ ቤተ ሰብ ያበላል። የደጃፉን ቅጠል እያደነቀ የሚያልፍ እንግዳ፥ የጓሮውን ስም ቢጠሩለት የድኻ ምግብ ነው ብሎ ፊቱን ያዞር ይሆናል። እኛ ዛሬ ለአንባቢዎቻችን ልናወጋ ያሰብነው ስለ ሃዋይ ደሴቶች ነው። በዚያ አገር ይህ ተክል የድኻ ምግብ ሳይሆን የሰው ታላቅ ወንድም ይባላልና፥ ይህን ወንድም ከሌላ አገር ወገን ጋር ያዳቀሉት ሊቅና ተክሉን ከአባቶቻቸው የወረሱት ገበሬዎች እንዴት እንደ ተከራከሩ መስማት ደስ የሚያሰኝም የሚያስተምርም ነገር ሆኖ አገኘነው። ከዚህ በታች የምንጠቅሰው ዓመተ ምሕረት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

የሃዋይ ደሴቶች በሰላማዊ ውቅያኖስ መካከል፥ ከየብስ ሁሉ እጅግ ርቀው ከእሳተ ገሞራ የበቀሉ ተራሮች ናቸው። እንግሊዛዊው መርከበኛ ካፒቴን ጄምስ ኩክ በ1778 ወደዚያ በደረሰ ጊዜ፥ የአገሩ ሰዎች ከደቡብ ደሴቶች በታንኳ ከመጡ ብዙ መቶ ዓመት ሆኗቸው ነበር። እነዚህ ሰዎች በታንኳቸው ውስጥ ሚስቶቻቸውንና ልጆቻቸውን፥ አሳማና ዶሮአቸውን፥ ከዚያም ጋር የጎደሬ ቁራጭ ይዘው መጡ። ደሴቶቹ እስከ 1893 ድረስ በገዛ ነገሥታቶቻቸው ይተዳደሩ ነበር፤ የመጨረሻይቱ ንግሥት ሊሊኡኦካላኒ በዚያ ዓመት ከዙፋናቸው ከተወገዱ በኋላ፥ አገሩ በ1898 ወደ አሜሪካ ተጠቃለለ። በ1959 ደግሞ ከተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት አንዱ ሆነ። መንግሥቱ ሲያልፍ ብዙ ነገር አብሮት አልፏል፤ ጎደሬው ግን፥ ምንም እንኳ ቢመነምን፥ አላለፈም።

ጎደሬውን በክብሩ ለማየት የሚሻ መንገደኛ አስቀድሞ ካዋይ ወደምትባለው ደሴት ይሂድ። በስተ ሰሜን፥ ፕሪንስቪል ከሚባለው መንደር አጠገብ፥ መኪና የሚያቆሙበት አንድ መመልከቻ አለ። ከዚያ ቆሞ ቁልቁል ሲያዩ የሃናሌይ ሸለቆ እንደ ተዘረጋ ምንጣፍ ይታያል፤ ከኋላው ጭጋግ የለበሱ ተራሮች፥ ከመካከሉ ጠምዘዝ ያለ ወንዝ፥ ከወንዙ ግራና ቀኝ በድንበር የተከፋፈሉ ውሃ የሞላባቸው እርሻዎች ይታያሉ። እርሻዎቹ ሁሉ ጎደሬ ናቸው። በሃዋይ ከሚመረተው ጎደሬ የሚበዛው ከዚህችው ደሴት የሚገኝ ሲሆን፥ ሸለቆው ደግሞ ከ1972 ጀምሮ ለውሃ ወፎች መጠበቂያ ተብሎ የተከለለ ነው። ገበሬው ጎደሬውን ሲያርስ፥ ዘራቸው እንዳይጠፋ የሚፈራላቸው የአገሩ ዳክዬና ሌሎችም ወፎች በዚያው እርሻ ይመገባሉ። ወፍና ገበሬ እንዲህ በአንድ ማሳ ተስማምተው ሲኖሩ ማየት በሌላ አገር የተለመደ አይደለም።

የውሃው እርሻ በአገሩ ቋንቋ ሎኢ ይባላል። ከወንዙ የተጠለፈው ውሃ በቦይ መጥቶ ከላይኛው እርሻ ይገባል፤ ከዚያ ወደ ታችኛው፥ ከታችኛውም ወደሚቀጥለው እያለፈ መጨረሻው ተመልሶ ወንዝ ነው። ውሃው መቆም የለበትም። የቆመ ውሃ ፀሐይ ያሞቀዋል፤ ሙቀቱ ከ25 ዲግሪ ሲያልፍም ሥሩን የሚያበሰብስ በሽታ ይነሣል። ስለዚህ የጎደሬ ገበሬ ሀብት የመሬቱ ስፋት ሳይሆን የውሃው ቅዝቃዜና ሩጫ ነው። ሥሩ በተነቀለ ጊዜ ገበሬው ራሱን ከቅጠሉ አገዳ ጋር ቆርጦ ያስቀራል፤ ርዝመቱ አንድ ስንዝር ያህል ሲሆን ሁሊ ይባላል። ሥሩ ለምግብ ይሄዳል፤ ሁሊው በዚያው ጭቃ ውስጥ ተመልሶ ይተከልና እንደ ዓይነቱ ከ9 እስከ 15 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ይደርሳል። ስለዚህ በዛሬው ማሳ ውስጥ የቆመው ተክል የአምናው ተክል ልጅ አይደለም፤ ያው የአምናው ተክል ራሱ ነው፤ ከብዙ መቶ ዓመት በፊት በታንኳ የመጣውም እርሱ ነው ለማለት ይቻላል።

ከእናቲቱ ሥር ዙሪያ የሚበቅሉት ትንንሽ ልጆች ኦሃ ይባላሉ። የሃዋይ ሰዎች ቤተ ሰብን የሚጠሩበት ኦሃና የሚለው ቃል ከዚህ የወጣ ነው። ዝምድናው ግን በቃል ብቻ አይቀርም። በጥንት ታሪካቸው እንደሚነገረው፥ የሰማይ አባት ከሚሉት ዋኬያና ከሆኦሆኩካላኒ የተወለደው የመጀመሪያው ልጅ ሕይወት አልነበረውምና በቤቱ አጠገብ ቀበሩት። ከመቃብሩም ረዥም አገዳና በነፋስ የሚንቀጠቀጥ ቅጠል ያለው ተክል በቀለ፤ ይህም የመጀመሪያው ጎደሬ ሆነ። ከዚያ በኋላ የተወለደው ሁለተኛው ልጅ ሃሎአ ተብሎ በተክሉ ስም ተጠራ፤ የሰው ሁሉ አባትም እርሱ ነው ይላሉ። እንግዲህ ጎደሬ ታላቅ ወንድም፥ ሰው ታናሽ ወንድም ነው። ታላቁ ታናሹን ይመግባል፤ ታናሹ ታላቁን ይንከባከባል። ሥሩ ተቀቅሎና በድንጋይ ተወቅጦ፥ በውሃ ቀጥኖ እንደ ገንፎ የሚበላው ምግብ ፖይ ይባላል። የፖይ ገበታ በተከፈተ ጊዜ ጠብና ክፉ ንግግር ነውር ነው፤ ታላቅ ወንድም በማዕዱ ላይ ተቀምጧልና። ባልና ሚስት፥ እናትና ልጅ በሚጨቃጨቁበት ቤት ሁሉ እንዲህ ያለ ምግብ ቢኖር እንዴት በጠቀመ!

ለዚህ ለታላቁ ወንድም የጥንት ገበሬዎች ብዙ መልክ አበጅተውለት ነበር። ለእያንዳንዱ ሸለቆ፥ ለደረቅ መሬትና ለውሃ፥ ለቀይ ፖይና ለነጭ፥ ለመድኃኒትና ለመሥዋዕት የሚሆን ልዩ ልዩ ዓይነት መርጠው አራብተዋል፤ ከ300 ያላነሱ ስሞች እንደ ነበሩ ይነገራል። በ1939 የሃዋይ የእርሻ ምርምር ሊቃውንት ቆጥረው በመጽሐፍ ሲያወጧቸው ግን የቀሩት 80 ያህል ብቻ ነበሩ። የሕዝቡ ቁጥር ከባሕር ማዶ በመጣው በሽታ ሲያንስ፥ የሸንኮራ አገዳ እርሻ ደግሞ ውሃውን ሲወስድ፥ ተካዩ አነሰ፤ ተካይ የሌለው ዓይነትም ጠፋ። ዘሩ በጎተራ የሚቀመጥ እህል ቢሆን ኖሮ ምናልባት ይገኝ ነበር፤ ጎደሬ ግን በየዓመቱ እጅ ካልነካው የሚሞት ነው።

የውሃውን ነገር በማዊ ደሴት በግልጽ ያዩታል። ወደ ሃና በሚወስደው ጠመዝማዛ የባሕር ዳር መንገድ፥ ኬአናይ የምትባል ከቀለጠ ድንጋይ የተሠራች ጠፍጣፋ ምድር ወደ ባሕሩ ገብታ ትታያለች። በላይዋ የጎደሬ እርሻና በ1860 በድንጋይ የተሠራ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ በ1946 የተነሣው የባሕር ማዕበል መንደሩን ጠርጎ ሲወስድ ያ ቤተ ክርስቲያን ቆሞ ቀረ። የስኳር ነጋዴዎች በ1878 ያስጨረሱት ትልቅ ቦይ የምሥራቅ ማዊን ወንዞች እየጠለፈ ወደ ደረቁ ሜዳ መውሰድ ከጀመረ በኋላ፥ በዚህ ወገን ያሉት የጎደሬ ተካዮች ከመቶ ዓመት በላይ የጎደለ ውሃ ሲጠብቁ ኖሩ። የመጨረሻው የስኳር እርሻ በ2016 ተዘጋ፤ በ2018ም የአገሩ የውሃ ጉባኤ ለጎደሬ የሚሆነው ውሃ ወደ ብዙዎቹ ወንዞች እንዲመለስ ፈረደ።

ከጎደለ ውሃ ይልቅ የሚያስፈራ ጠላት ግን በሽታ ነው። በአንድ ቁራጭ የሚራባ ተክል መልኩ እንደማይለወጥ ሁሉ ድካሙም አይለወጥም፤ አንዱን የሚገድል በሽታ ማሳውን በሙሉ ይገድላል። የጎደሬን ቅጠል የሚያጠፋው በሽታ፥ በ1845 የአየርላንድን ድንች አጥፍቶ ሕዝቡን ለረኃብ የዳረገው የዚያ ክፉ ዋግ የቅርብ ዘመድ ነው። ሌሊት ዝናምና ሙቀት ሲገናኙ በቅጠሉ ላይ ውሃ የነካው የሚመስል ነጠብጣብ ይወጣል፤ ነጠብጣቡ ቡናማ ሆኖ በቀለበት እየሰፋ ይሄዳል፤ 40 ቀን ሊቆይ የሚገባው ቅጠል 20 ቀን ሳይሞላው ይረግፋል። ቅጠል ያነሰው ተክል ሥሩም ያንሳል። ይህ በሽታ በ1993 ሳሞአ ወደሚባሉት ደሴቶች ገባ። ሳሞአውያን በዚያን ጊዜ ወደ ውጭ አገር ከሚሸጡት ሁሉ ዋነኛው ጎደሬ ነበር፤ ገበሬውም ባብዛኛው የሚተክለው ገበያ የሚወደውን ኒዩ የሚሉትን አንዱን ዓይነት ነበር። በጥቂት ወራት ውስጥ ማሳው ሁሉ ተቃጠለ፤ በሚቀጥለው ዓመት ወደ ውጭ የተላከው ጎደሬ ከቁጥር የሚገባ አልነበረም። ከዚያ በኋላ በሳሞአ ያለው የደቡብ ሰላማዊ ውቅያኖስ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት፥ ከፓላው፥ ከሚክሮኔዢያና ከፊሊፒን ደሴቶች የመጡትን በሽታ የሚችሉ ዓይነቶች ከአገሬው ጋር ማዳቀል ጀመሩ። ገበሬዎቹም ራሳቸው እየቀመሱና እየመረጡ በሥራው ገቡበት። ይህ ጥበብ ያለበት አሠራር ነው፤ የሚበላው ገበሬው ነውና ሊቅ የወደደውን ገበሬ ካልወደደው ድካሙ ከንቱ ነው።

ማዳቀል ስንል አንባቢያችን ነገሩን እንዲረዳው ጥቂት እናብራራ። በቋንቋችን ዲቃላ የሚለው ቃል በሰው ላይ ሲነገር ስድብ ነው፤ በእንስሳና በተክል ላይ ሲነገር ግን ምስጋና ሊሆን ይችላል። ሰጋር በቅሎ ኮርቻ ያስጫነ ሰው ይህን ያውቃል። በቅሎ ከአህያ አባትና ከፈረስ እናት ተወልዳ ለአቀበትና ለቁልቁለት ከሁለቱም ይልቅ ትበረታለች፤ እርስዋ ግን አትወልድም። በጎደሬም ወገን እንዲሁ አለ። አንዳንዱ ጎደሬ በእያንዳንዱ የሕዋሱ ክፍል 28 ክሮሞሶም ሲኖረው፥ ሌላው 42 አለው፤ ባለ 42ቱ እንደ በቅሎ መካን ነው፥ ዘር አይሰጥም ማለት ይቻላል። በቁራጩ ስለሚራባ ግን መካንነቱ ለገበሬው አያሳስበውም። ለሚያዳቅለው ሰው ብቻ ያሳስበዋል፤ ስለዚህ ባለ 28ቱን አስቀድሞ መለየት አለበት።

ሁለተኛው ችግር ጎደሬ በቶሎ የማያብብ መሆኑ ነው። ጎደሬ በተከለ ቤት አድገው አበባውን ከቶ ያላዩ ሰዎች ጥቂት አይደሉም። የሚያዳቅሉት ሰዎች ጂበረሊን የሚባለውን ተክልን የሚያሳድግ ቅመም በውሃ በጥብጠው ይረጩበታል፤ ከጥቂት ወራት በኋላም አበባው ይወጣል። አበባው እንደ ሰገባ በተጠቀለለ ቢጫ ሽፋን ውስጥ የቆመ አንድ ዘንግ ነው። ከዘንጉ ግርጌ ሴቶቹ አበቦች ይሰበሰባሉ፤ ከዚያ በላይ ወገቡ የቀጠነ መካን ቦታ አለ፤ ከወገቡ በላይ ወንዶቹ ናቸው። የፈጣሪ ሥራ እጅግ ያስደንቃል፤ ሴቶቹ አስቀድመው ይደርሳሉ፥ ወንዶቹ ዱቄታቸውን የሚያፈሱት ከዚያ በኋላ ነውና ተክሉ በራሱ ላይ እንዳይወልድ ተጠብቋል። በዱር በሽታው ስቦ የሚያመጣቸው ትንንሽ ዝንቦች ዱቄቱን ከአንዱ ወደ ሌላው ያደርሳሉ። ሊቁ ግን ዝንብ አይጠብቅም። በማለዳ ሰገባውን በስለት ከፍቶ የወንዶቹን ክፍል ቆርጦ ይጥላል፤ ከመረጠው ከሌላው ተክል ያመጣውን ዱቄት በብሩሽ ለሴቶቹ ይቀባል፤ ሌላ ዱቄት እንዳይገባም በከረጢት ይሸፍነዋል፤ በአገዳውም ላይ የእናቲቱንና የአባቱን ስም ጽፎ ያንጠለጥላል።

ፍሬው ከአንድ ወር በላይ ቆይቶ ይበስላል። በውስጡ ያለችው ዘር ከጤፍ ቅንጣት ብዙ አትበልጥም፤ በአንድ ራስ ላይ ግን በመቶ የሚቆጠር ዘር ይገኛል። ዘሩ በአፈር አይቀበርም፤ በረጠበ ደቃቅ አፈር ላይ ተበትኖ በመስታወት ይሸፈናልና በሁለት ወይም በሦስት ሳምንት ይበቅላል። የሚያዳቅለው ሰው ደስታና ኀዘን የሚጀምረው ከዚህ ነው። ከአንድ እናትና ከአንድ አባት የተወለዱት ችግኞች እርስ በርሳቸው አይመሳሰሉም። አንዱ አረንጓዴ፥ አንዱ እንደ ወይን ጠቆር ያለ፥ አንዱ ነጠብጣብ ያለበት ይሆናል፤ አንዱ በሽታ ይችላል፥ ሥሩ ግን ጉሮሮ ይበላል፤ ሌላው ጣፋጭ ሆኖ ሳለ ዋግ ይጨርሰዋል። ከዱር ወገን ጋር የተዳቀለ እንደ ሆነ ደግሞ ወደ ጎን እየሮጠ ማሳውን የሚወርር ረዥም ሐረግ ያወጣል። ከሺህ ችግኝ ተመርጦ የሚቀረው በጣት የሚቆጠር ነው። የተመረጠውም ተባዝቶ፥ በልዩ ልዩ አፈር ተፈትኖ፥ ተቀቅሎና ተወቅጦ እስኪቀመስ ድረስ ብዙ ዓመት ያልፋል። ትዕግሥት የሌለው ሰው ወደዚህ ሥራ ባይገባ ይሻለዋል።

ይህን ትዕግሥት ካገኙት አንዱ ዶክተር ጆን ቾ ናቸው። የሃዋይ ዩኒቨርሲቲ የተክል በሽታ ሊቅ ሲሆኑ፥ በማዊ ደሴት፥ ሃሌአካላ በሚባለው ታላቅ ተራራ ጎን በምትገኘው በኩላ ሠርተዋል። ኩላ ከባሕሩ ዳር ሙቀት ከፍ ያለች፥ አየርዋ ለደገኛ ሰው የሚስማማ አገር ናት። ዶክተር ቾ ማዊ ሌሁዋ የሚባለውን ለፖይ የሚወደደውን የሃዋይ ጎደሬ፥ ንገሩች ከሚባለው ዋግን ከሚችለው የፓላው ጎደሬ ጋር አዳቀሉ። ከልጆቹም መካከል ሦስቱ ተመርጠው ፓሌሁዋ፥ ፓአካላና ፓዋኬያ ተባሉ። ዩኒቨርሲቲው በ2002 በእነዚህ በሦስቱ ላይ በአሜሪካ ሕግ መሠረት ፓተንት የሚባለውን የባለቤትነት መብት አገኘ። ከዚያ ወዲያ እነዚህን ዓይነቶች ያለ ፈቃድ ቆርጦ መትከልና ማባዛት ሕግ መተላለፍ ሆነ።

ነገሩ ከገበሬዎቹ ጆሮ በደረሰ ጊዜ ቁጣው ቀላል አልነበረም። ለሌላ ሰው ፓተንት የንግድ ወረቀት ነው፤ ለሃዋይ ገበሬ ግን ታላቅ ወንድሙን በባለቤትነት የሚያስመዘግብ ወረቀት ሆኖ ታየው። እናቲቱን ማዊ ሌሁዋን መርጠው ያቆዩአት አባቶቻቸው ናቸው፤ አባቶቻቸው ደግሞ ሁሊ ለጎረቤት የሚሰጡት ያለ ዋጋ ነው። በ2006 የሞሎካይ ደሴት ሰው ዋልተር ሪቴና ሌሎችም የጎደሬ ተካዮች በዩኒቨርሲቲው ግቢ ተሰብስበው፥ ተከራክረው፥ እንደ አገራቸው ልማድ የድንጋይ መሠዊያ አቆሙ። በዚያው ዓመት በሰኔ ወር ዩኒቨርሲቲው በሦስቱ ድቅሎች ላይ የነበረውን መብት ተወ፤ የፓተንቱም ወረቀት በሕዝብ ፊት ተቀደደ።

በእኛ አስተያየት ሁለቱም ወገኖች የሚናገሩት ነበራቸው። የሊቁ ድካም እውነተኛ ድካም ነው፤ ዋጋ የሌለው ነው የሚል ሰው ዋግ የበላውን ማሳ ያላየ ነው። ዩኒቨርሲቲም ቢሆን ምርምሩን የሚያካሂደው በገንዘብ ነው። ነገር ግን ድቅል ሁለት ወላጅ አለው፤ የአንዱን ወላጅ ቤተ ሰብ ሳያማክሩ ልጁን በስማቸው ማስመዝገብ በየትኛውም አገር ሽማግሌ ፊት የሚያስወቅስ ነገር ነው። ሊቁ ያደረጉት ዝንብ ሲያደርገው የኖረውን መሆኑንም መርሳት አይገባም። ሕዝቡ ከዚህ በኋላ ይበልጥ ጠንቃቃ ሆነ። በ2008 ጎደሬ በአገሩ ሕግ የሃዋይ ተክል ተብሎ ተሠየመ፤ በዚያው ዓመት ሃዋይ በምትባለው በትልቋ ደሴት፥ በተከታዩም ዓመት በማዊ፥ የተክሉን ባሕርይ በቤተ ሙከራ ለውጦ መትከል ተከለከለ። ይህ ክልከላ በብሩሽ የሚደረገውን ማዳቀል አይነካም፤ ሁለቱን ሥራዎች የሚያቀላቅል ሰው ብዙ ስለ ሆነ ነው መናገራችን።

የዶክተር ቾ ሥራ በዚያ አላበቃም። ከችግኞቹ መካከል ሥራቸው ለምግብ የማይመረጥ፥ ቅጠላቸው ግን ዓይን የሚስብ ብዙ ነበሩ። እነዚህ የንጉሣዊ ሃዋይ ወገን በሚል ስም ለአትክልት ቦታ ጌጥ በአሜሪካና በአውሮፓ ገበያ ወጡ። ብላክ ኮራል የተባለው እንደ ተወለወለ ጫማ የሚያብለጨልጭ ጥቁር ነው፤ ብሉ ሃዋይ በአረንጓዴ ላይ ወይን ጠጅ ጅማት አለው፤ ሃዋያን ፓንች አገዳው ቀይ ነው፤ ማዊ ጎልድ ወደ ብጫ ያዘነብላል። ጥቁር ቅጠል ያለው ተክል ለምን እንዲህ እንደሚወደድ እኛ አልገባንም፤ ሎሚ የመሰለው ማዊ ጎልድ ይሻለናል፤ ገበያው ግን የሚሮጠው ወደ ጥቁሩ ነው።

በአገራችን ጎደሬ በወላይታ ቦይና ይባላል። በአረካ ያለው የእርሻ ምርምር ማእከል ከአገር ውስጥ ከተሰበሰቡት መካከል መርጦ ቦሎሶ አንድ የሚባለውን ዓይነት ለገበሬ አውጥቷል፤ ይህ በመምረጥ እንጂ በማዳቀል የተገኘ አይደለም። በከተማ ቤት ለጌጥ የሚተክሉ እመቤቶች ግን ጥቂት ነገር ቢያውቁ ይጠቅማቸዋል። በመጀመሪያ ዓይነቱን ይለዩ፤ ጫፉን ወደ ምድር የሚያዘቀዝቅ ቅጠል ያለው ባብዛኛው የጎደሬ ወገን ነው፤ ጫፉን ወደ ሰማይ የሚያቀና ደግሞ አሎካሲያ የሚባለው የአጎቱ ልጅ ነው። ጎደሬው ውሃ ይወዳል፤ አሎካሲያው ግን ውሃ ከተኛበት ይበሰብሳል። ማሰሮው ሰፊ ይሁን፥ አፈሩ በበሰበሰ ፍግ ይደባለቅ፥ የማለዳ ፀሐይ ያግኝ። እንደ አዲስ አበባ ባለ ብርዳም ደጋ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ቅጠሉ ይደርቅ ይሆናል፤ ሞተ ብለው አይጣሉት፤ ውሃ ቀንሰው ከግድግዳ ተጠግቶ ቢቆይ ሙቀት ሲመለስ ደግሞ ያቈጠቍጣል። ጥሬ ቅጠሉና ሥሩ እንደ መርፌ የሾሉ ደቃቅ ብርሌ መሰል ነገሮች ስላሉበት አፍና ጉሮሮ ያቃጥላል፤ ልጆችና ውሾች እንዳያኝኩት ይጠበቁ። ለጌጥ የተገዛውንም ለወጥ ማዋል አይገባም።

ልጆቹ ከእናቲቱ ዙሪያ ሲበቅሉ በስለት ለይቶ ለየብቻ መትከል ይቻላል፤ ከዘር የሚበቅለው እናቱን ስለማይመስል መልኩን የሚጠብቀው ልጅ ብቻ ነው። በአሜሪካ አገር ከሚሸጡት ከእነዚህ ድቅሎች አንዱን የገዛ ሰው ግን በማሰሮው ጎን ትንሽ ወረቀት ተለጥፎ ያገኛል፤ ከዚህ ተክል ቆርጦ ማባዛት ክልክል ነው የምትል ናት። የጌጦቹ ፓተንት እንደ ሦስቱ የምግብ ድቅሎች አልተቀደደም። ሕጉ የሚሠራው በዚያው በአሜሪካ ምድር ሲሆን፥ ዘመኑም ማመልከቻው ከገባበት ቀን አንሥቶ 20 ዓመት ነው፤ ያ ጊዜ ባለፈ ማግሥት ማንም ሰው ልጁን ቆርጦ ለጎረቤቱ መስጠት ይችላል።